ከሕንፃ ውጭ የተገጠሙ ብረቶችን ከስርቆት መጠበቅ፦ ከመያዣው እንጀምር

ፒያሳ አካባቢ የማስተዳድረው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የአሸንዳ ማውረጃ የተሰረቀው በሰኔ መጀመሪያ፣ ዶፍ ሲጥል ባደረ ሌሊት ነበር። ጠዋት ስደርስ ከመሬት እስከ አንደኛው ፎቅ የነበረው የላሜራ ቱቦ የለም፤ ግድግዳው ላይ የቀሩት ሦስት ማቀፊያዎች ብቻ ነበሩ። እስከ ዛሬ ከዓይኔ የማይጠፋው ግን ቪቴዎቹ ናቸው። አልተሰበሩም፣ አልተቆረጡም፤ ስድስቱም ተፈትተው በመስኮቱ ደፍ ላይ በሥርዓት ተደርድረው ነበር። ቱቦውን የወሰደው ሰው የተጠቀመበት መሣሪያ ከማንኛውም ቤት የማይጠፋ አንድ ካቻቢቴ ብቻ ነበር ማለት ነው።

የቱቦው ዋጋ ከጉዳቱ ሁሉ ትንሹ ነበር። ምትኩ ተሠርቶ እስኪገጠም ድረስ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ በሙሉ በግድግዳው ላይ ፈሰሰ፤ ልስኑ አብጦ ወደቀ፤ በምድር ቤቱ የሚነግዱት የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ በጀርባ ግድግዳቸው በኩል የደረደሩት ጥቅል ጨርቅ ረጥቦ ተበላሸ። ዘበኛችን በዚያ ሌሊት አልተኛም። «ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንኳን ቪቴ ሲፈታ በመዶሻ ቢመታም አይሰማም ጋሼ» ነበር ያለኝ፤ እውነቱን ነው።

የሕንፃ ባለቤት ስለ ስርቆት ሲያስብ ቀድመው ወደ አእምሮው የሚመጡት ካሜራ፣ የአጥር ሽቦና ተጨማሪ ዘበኛ ናቸው። እነዚህ የየራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ ነገር ግን ሌባው ግድግዳው ሥር የሚቆይባቸውን ደቂቃዎች የሚወስነው ብረቱን ከሕንፃው ጋር ያያያዘው ቪቴ፣ ቡሎን ወይም ብየዳ ነው። በሁለት ደቂቃ የሚፈታ ነገር ካሜራ እያየውም ይሄዳል፤ ግማሽ ሰዓት የሚያስለፋና ድምፅ የሚያሰማ ነገር ግን ዘበኛ ባይኖርም ብዙ ጊዜ ሳይነካ ያድራል። ስለዚህ በአራዳም ሆነ በቂርቆስ፣ በልደታም ሆነ በአዲስ ከተማ ሕንፃ የሚያስተዳድሩ ሁሉ ገንዘባቸውን በቅድሚያ መያዣው ላይ እንዲያውሉ እመክራለሁ።

ሥራው የሚጀምረው ሕንፃውን በእግር በመዞር ነው። ወረቀት፣ ስልክና አንድ ማግኔት ይያዙ። በውጭ በኩል የተገጠመውን ብረት ሁሉ አንድ በአንድ ይጻፉ፤ ፎቶ ያንሱት፤ ከዚያም በእጅዎ ይዘው ያነቃንቁት። የሚነቃነቅ ነገር ካለ ሌባው ከእርስዎ ቀድሞ አውቆት ሊሆን ይችላል። ማግኔቱ የሚያስፈልገው ብረቱን ለመለየት ነው፤ የሚይዘው ተራ ብረት ወይም ላሜራ ሲሆን፣ የማይዘው ብዙውን ጊዜ መዳብ፣ ናስ ወይም አሉሚኒየም ነው። መዳብና ናስ በኪሎ ከተራ ብረት እጅግ የበለጠ ስለሚያወጡ ትንሹ ቁራጭ እንኳ ይፈለጋል፤ ብረት ግን የሚሰረቀው በክብደቱ ነው። አሉሚኒየም ደግሞ የብረትን ሢሶ ያህል ብቻ ስለሚመዝን በአንድ ሰው ትከሻ ብዙ ይሄዳል።

ሲዞሩ ከፍታውንም ይመዝግቡ። አንድ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ የሚደርስበት ሦስት ሜትር ገደማ ያለው ክፍል ዋናው የአደጋ ቀጠና ነው። ከዚያ በላይ ያለው ይድናል ብለው ግን አይዘናጉ፤ የጎረቤት ጣሪያ፣ የውጭ ደረጃ፣ የመብራት ምሰሶ ወይም ለቀለም ቅብ ቆሞ የተረሳ መሰላል ሌላ መሬት ይሆናል። በመሀል ከተማ ሕንፃዎች ተጠጋግተው ስለተሠሩ ከጎረቤት ጣሪያ ተነሥቶ የአንደኛውን ፎቅ በረንዳ መያዝ ቀላል የሚሆንባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። በአቅራቢያዎ የሚፈርስ ወይም የሚገነባ ካለ ቆጠራውን እንደገና ይሥሩ፤ ትናንት የማይደረስበት ግድግዳ ዛሬ የፍርስራሽ ክምር ተደግፎት ሊያድር ይችላል።

መያዣዎቹን ማጠንከር

ቪቴን በተመለከተ የሚሠራው መፍትሔ ጭንቅላቱን ካቻቢቴ እንዳይዘው ማድረግ ነው። ከተጠበቀ በኋላ የጭንቅላቱን ጎድጓዳ ክፍል በመሰርሰሪያ ማበላሸት ወይም በሁለት ቅልቅል የሚሠራ ኤፖክሲ ሙጫ መሙላት ይቻላል። ኤፖክሲው የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ወደፊት ለጥገና መፍታት ቢያስፈልግ በሙቀት ለስልሶ ይለቃል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር፣ ሲጠብቅ የሚታዘዝ ሲፈታ የሚያንሸራትት ቪቴም አለ፤ ከተገኘ ይግዙት፤ ካልተገኘ ግን እሱን ፍለጋ ሥራውን አያዘግዩ።

ቡሎን ከሆነ ዳዶውን አጥብቀው ካሰሩ በኋላ ትርፉን ጥርስ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር አስተርፈው ይቁረጡና ጫፉን በመዶሻ ደጋግመው ይምቱት። ጥርሱ ጠፍጥፎ ስለሚሰፋ ዳዶው በኪያቤ አይወጣም። ይህ የቆየ የአንጥረኛ ዘዴ ነው፤ ከመዶሻ በቀር ምንም አይጠይቅም፤ እኔም ከሁሉ አስበልጬ የምተማመንበት እሱን ነው። በያጅ ካለ ዳዶውን ከቡሎኑ ጋር በአንድ ነጥብ ማስበየድ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። ሆኖም ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ጎጂ ነው፤ ሠራተኛውን በዚያኑ ሌሊት እንደ ወባ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ዚንኩ በሚበየድበት ቦታ ላይ አስቀድሞ በግራይንደር ተፍቆ ይነሣ፤ ሥራው አየር ባለበት ይሁን፤ የተነሣው ቦታም በፀረ ዝገት ቀለም ወዲያው ይሸፈን። ሳይቀባ የተተወ የብየዳ ነጥብ በጊዜ ብዛት በዝገት ይበላል፤ ያኔ ሌባው በቀላሉ ይሰብረዋል።

ሪቬት (በቀዳዳ ገብቶ ላሜራን ከላሜራ የሚያያይዝ ምስማር መሰል ማያያዣ) ከተጠቀሙ የብረት ይሁን። የአሉሚኒየም ሪቬት ለመግጠም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ተራ መሰርሰሪያ በጥቂት ሴኮንድ ያወጣዋል።

ግድግዳው ራሱስ? ጠንካራ ቡሎን በላላ ልስን ውስጥ ከገባ ትርጉም የለውም። በመሀል ከተማ ያሉ ብዙ ቆየት ያሉ ቤቶች በድንጋይና በጭቃ ወይም በኖራ የተሠሩ ስለሆኑ፣ የፕላስቲክ ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ቪቴውን የሚይዘው) ከነቪቴው በአንድ ጉተታ ይወጣል። በእንዲህ ያለው ግድግዳ ላይ ጫፉ የታጠፈ ፌሮ በድንጋዮቹ መካከል አስገብቶ በሲሚንቶ ሞርታር መሙላትና ማቀፊያውን በእሱ ላይ ማስበየድ ይሻላል። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ግን አንዲት ቀዳዳ ከመብሳትዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በእጅ የተቀጠቀጠ የድሮ የበረንዳ ብረትም በዘመናችን ብየዳ ሲነካ ሊሰነጠቅ ይችላል። የእነዚህ በረንዳዎች ብረት አንድ ጊዜ ተቆርጦ በኪሎ ከተሸጠ ተመልሶ የሚሠራው ሰው እንደማይገኝ ሳስብ ልቤ ያዝናል፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው እነሱን ይመልከቱ።

አሸንዳ፣ በር፣ መደገፊያ፣ ክዳን

ለአሸንዳ ማውረጃ ያገኘሁት ዘላቂ መፍትሔ ሌባው የሚደርስበትን ክፍል ለሌባው ዋጋ የሌለው ማድረግ ነው። የላይኛውን ላሜራ እንዳለ ትቼ የታችኛውን ሦስት ሜትር በ110 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ተካሁት። በአገጣጠሙ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ሁልጊዜ የላይኛው ቱቦ በታችኛው አፍ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከተገላበጠ ውሃው በመጋጠሚያው ወደ ውጭ እየዘለለ ግድግዳውን ያበላሻል። ፕላስቲኩ በፀሐይ እንዳይሰባበር በግድግዳው ቀለም ይቀባ፤ ይህም ከሩቅ ሲታይ ሙሉው ቱቦ አንድ ዓይነት እንዲመስል ያደርጋል። መኪና የሚያልፍበት ጥግ ከሆነ ደግሞ የታችኛውን አንድ ሜትር በኮንክሪት ከብቦ መከለል ይቻላል። ይህን ሥራ በግንቦት ይጨርሱ፤ ሰኔ ከገባ ሠራተኛውም ቱቦውም ይወደዳል።

የግቢ በር በአብዛኛው የሚወሰደው በቁልፉ በኩል አይደለም። ባለቤቱ ትልቅ ጓጉንቸር ሲያንጠለጥል፣ ሌባው በሌላው ወገን በሩን ከነማጠፊያው ወደ ላይ አንሥቶ ያወጣዋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ከላይኛው ማጠፊያ በላይ በሩ እንዳይነሣ የሚያግድ አንድ ቁራጭ ብረት ማስበየድ ወይም የላይኛውን ማጠፊያ ገልብጦ መግጠም በቂ ነው። ጓጉንቸሩንም በመጋዝ እንዳይደረስበት ከታች ብቻ ክፍት በሆነ የላሜራ ሳጥን ውስጥ ይሸፍኑት።

የደረጃ መደገፊያ በጣም የሚያሳስበኝ ዕቃ ነው፤ ከጠፋ የሚወድቅ ሰው አለና። ብዙዎቹ ደረጃው ላይ የተቀመጡት በአራት ቡሎን በታሰረ ጠፍጣፋ ብረት ነው። አዲስ የሚያሠሩ ከሆነ ቋሚዎቹ ቢያንስ አሥር ሴንቲ ሜትር በኮንክሪቱ ውስጥ ገብተው በሲሚንቶ እንዲሞሉ ያድርጉ። ያለውን ማጠንከር ከፈለጉ ከላይ እንደገለጽኩት የቡሎኖቹን ጫፍ ይምቱ፣ ከዚያም ጠፍጣፋውን ብረት በስስ ኮንክሪት ይሸፍኑት። መደገፊያውን በረጅም አንድ ወጥ ቱቦላሬ ማሠራትም ይረዳል፤ ስድስት ሜትር ብረት ተሸክሞ በመንገድ ላይ ሳይታይ መሄድ አይቻልምና ሌባው መቁረጥ ይኖርበታል፤ መቁረጥ ደግሞ ድምፅ ነው።

የማንሆል ክዳንና የፍሳሽ ፍርግርግ በተመለከተ፣ በግቢዎ ውስጥ ያለውን የእርስዎን ክዳን በፌሮ የተጠናከረ የኮንክሪት ክዳን መተካት ከሁሉ ይቀላል። የብረቱን ማቆየት ካስፈለገ ከሥሩ ሰንሰለት አስበይደው በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ከተቀበረ ፌሮ ጋር ያያይዙት፤ ሰንሰለቱ ክዳኑን ገልጦ ለማጽዳት የሚበቃ ርዝመት ይኑረው።

የውሃ ቆጣሪ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አካሉ ብዙ ጊዜ ናስ ስለሆነ ከአጥር ውጭ ወይም ከበር አጠገብ ሲቀመጥ ይፈለጋል። በኮንክሪት ወይም በብረት ሳጥን ማስገባት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ማኅተሙን በፍጹም አይንኩ፤ ቆጣሪ አንባቢው ቁጥሩን የሚያይበት ክፍተትም ይተዉ። ቦታውን ማዛወር ካሰቡ በራስዎ ቧንቧ ሠራተኛ ሳይሆን ለአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን አመልክተው ያሠሩት። በውጭ ያሉ የናስ ቧንቧ መክፈቻዎችን ግን ዛሬውኑ በፕላስቲክ ይተኩ።

የማይታየው መዳብ

ከጠፋ በኋላ ማንም ሳያውቀው ወራት የሚቆይ አንድ ነገር አለ፤ እሱም የመብረቅ መከላከያና የኤሌክትሪክ መሬት መስመር (ከተበላሸ ዕቃ የሚያመልጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ) የሆነው መዳብ ነው። አሸንዳ ሲጠፋ ዝናቡ ይነግርዎታል። የመሬት መስመር ሲቆረጥ ግን መብራቱ ይበራል፣ አሳንሰሩ ይወጣል፣ ሁሉም እንደ ወትሮው ይመስላል፤ የጎደለው የሚታወቀው ብልሽት ያለበት ማሽን ሰው የነካ ዕለት ነው። ስለዚህ ይህን መስመር ከመሬት በታች አንሥቶ እስከ ሦስት ሜትር ከፍታ በጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብተው በልስን ይሸፍኑት፤ ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ጉድጓድም በኮንክሪት ክዳን ይዝጉት። በየዓመቱ ከክረምት በፊት የኤሌክትሪክ ባለሙያ መስመሩ አለመቆረጡን በመሣሪያ ይለካ። መዳቡን በዚንክ በተቀባ ብረት መተካት ይቻላል፤ ውፍረቱን ግን ባለሙያው ይወስን፤ መዳብና ዚንክ በቀጥታ ከተገናኙም እርጥበት ሲያገኙ ዚንኩ ስለሚበላ መጋጠሚያው ለዚሁ በተሠራ ማያያዣ መሆን አለበት።

የአየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) ውጫዊ ክፍልም መዳብ አለው። ከተቻለ ወደ ጣሪያ ይውጣ፤ ካልተቻለ በአንግላሬ ቀፎ ይታሰር፤ ከእሱ የሚነሡት ቱቦዎችም በላሜራ ይሸፈኑ።

ሰው፣ ሰዓትና ብርሃን

ከዚህ በኋላ ነው ዘበኛና ካሜራ የሚመጡት። ዘበኛው ምን እንደሚጠብቅ ካልተነገረው በሩን ብቻ ይጠብቃል፤ በሕንፃው ጀርባ ምን እንዳለ አያውቅም። የቆጠራውን ዝርዝር ይስጡት፤ ተረኛ ሲለዋወጥ አብረው ዞረው ይፈራረሙበት። የሚዞርበት ሰዓትም በየሌሊቱ ይለያይ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የዝናብ ካፖርት፣ ቦት ጫማና ጥሩ የእጅ ባትሪ ይግዙለት። ስርቆቱ በዶፍ ሰዓት የሚፈጸም ከሆነ፣ ዘበኛውን ደግሞ በዚያው ሰዓት ጎጆው ውስጥ የሚያስቀምጠው የካፖርት እጦት ከሆነ፣ ጥፋቱ የእኛ የአሠሪዎቹ ነው።

ሌሎቹ አደገኛ ሰዓቶች መብራት የጠፋባቸው ሌሊቶችና ሰው ከሰፈር የሚወጣባቸው በዓላት ናቸው። በከተራና በጥምቀት ሕዝቡ ታቦት አጅቦ ወደ ጃንሜዳ ሲወርድ፣ በደመራ ወደ መስቀል አደባባይ ሲጓዝ፣ የአራዳና የቂርቆስ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች በቀን እንኳ ጭር ይላሉ። በእነዚህ ቀናት ተጨማሪ ተረኛ ይመደብ። የጀርባው መብራትና ካሜራው፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚሠሩበት ባትሪ ይኑራቸው፤ ካሜራውም ጣሪያውን ከሚያይ ይልቅ ሰው ዕቃ ተሸክሞ የሚወጣበትን ጠባብ መንገድ በፊት ለፊት ይይ።

በጠራራ ፀሐይ የሚመጣም አለ። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ፣ መሰላል ይዞ «ለጥገና ተልከን ነው» የሚልን ሰው አብዛኞቻችን አናስቆመውም። ከሕንፃው አስተዳደር የተጻፈ ወረቀት ያልያዘ ማንም ሰው ከውጭ ግድግዳ ላይ ምንም ነገር እንዳይፈታ ለተከራዮች ሁሉ ያሳውቁ፤ ጥርጣሬ ሲኖራቸውም ወዲያው የሚደውሉበት ስልክ በየሱቁ ይለጠፍ።

ስለ ቆራሌው አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። በሰፈር ስርቆት ሲፈጸም ጣት መጀመሪያ የሚቀሰረው ማዳበሪያውን ተሸክሞ እየጮኸ በሚዞረው ልጅ ላይ ነው። ይህ በደል ነው፤ ጉዳትም አለው። አብዛኞቹ አሮጌ ዕቃ ገዝተው ወደ መርካቶ በማድረስ እንጀራቸውን የሚያበስሉ ሠራተኞች ናቸው፤ ማን ምን ይዞ እንደመጣም ከማናችንም ቀድመው ያያሉ። በእኛ አካባቢ የሚዞሩትን ሁለት ወጣቶች ጠርቼ ዕቃዎቻችን ላይ ያለውን ምልክት አሳየኋቸው፤ የሕንፃውን አሮጌ ብረትም ለእነሱ ብቻ እንደምንሸጥ ነገርኳቸው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ በያጁ በእያንዳንዱ ብረት ጀርባ የሕንፃውን ሁለት ፊደል በብየዳ ጽፎበታል። ቀለም ይፋቃል፤ ብየዳ ግን ለመፋቅ ግራይንደር ይፈልጋል፤ የተፋቀው ቦታም ራሱ ይናገራል።

በሌላ በኩል ብረቱን በኤሌክትሪክ መስመር ማገናኘት የሚያስቡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ይህ በፍጹም አይሞከር፤ የሚገድለው ኳስ ሊያወርድ አጥር የወጣን ሕፃን ወይም ቀለም ቀቢን ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል። የመስኮት ፍርግርግ ሲያጠነክሩም በየፎቁ ቢያንስ አንዱ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ ቁልፉ ከመስኮቱ አጠገብ ይንጠልጠል፤ እሳት ቢነሣ ሰው የሚወጣበት ያጣልና።

ከተሰረቀ

ክዳን ወይም መደገፊያ ከሆነ የጠፋው፣ ከምንም በፊት ቦታውን ይከልሉ። ጉድጓድ ውስጥ የዛፍ ቅርንጫፍ መትከል የቆየ ልማዳችን ነው፤ በቀን ያስጠነቅቃል፤ በሌሊት ግን አይታይም። ጣውላ ይጣልበት፤ ዙሪያው በበርሜል ወይም በድንጋይ ይከበብና ነጭ ጨርቅ ይታሰርበት።

ከዚያ የቀረውን ማቀፊያና ቪቴ ሳይነኩ ፎቶ ያንሱና ለፖሊስ ጣቢያ ወይም በ991 ያመልክቱ። የቆጠራው ፎቶና የብየዳው ምልክት ዋጋቸው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ «ቱቦ ጠፋብኝ» ከማለትና «ይህ ምልክት ያለበት ይህ ቱቦ ጠፋብኝ» ከማለት መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። ጊዜ አያባክኑ፤ ብረት መርካቶ ምናለሽ ተራ ከደረሰ በኋላ በአንድ ቀን ተቆርጦ፣ ተቀጥቅጦ ምድጃ ወይም ሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ወደዚያ የሚሄዱ ከሆነ ከፖሊስ ጋር ይሂዱ እንጂ ብቻዎን ገብተው ከነጋዴ ጋር አይጣሉ። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ በወንጀል የተገኘ ዕቃ መሸሸግን ደግሞ በአንቀጽ 682 ያስቀጣል፤ ገዢውም በሕግ እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ነጋዴ ምልክት ያለበትን ብረት ከመግዛቱ በፊት ያስባል።

የጠፋውን ሲተኩ በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ላይ፣ በድሮው ዓይነት ቪቴ አይግጠሙ። ቀዳዳዎቹ ሰፍተዋል፤ መንገዱም ታውቋል። ማቀፊያዎቹን ከድሮው ቦታ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው በአዲስ ቀዳዳ ያስሩ፤ ቡሎኑን ቆርጠው ጫፉን ይምቱ፤ ሠራተኛው ከመሰላሉ ሳይወርድም ቱቦውን በሁለት እጁ ይዞ በሙሉ ክብደቱ እንዲጎትተው ያድርጉ።